የጀርባ መጣመም ምንጩ ከራስ ቅል ሲገኝ

አንድ ልጅ ትከሻው ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ እንደ ሆነ፣ ወላጁም መምህሩም «ቀና ብለህ ተቀመጥ!» እያሉ ይቈጡታል። ዳሩ ግን አከርካሪው ወደ ጎን የተጣመመ ልጅ በቍጣ አይቃናም። ይህ ሕመም ስኮሊዮሲስ ይባላል፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ አይታወቅም። አንዳንድ ጊዜ ግን ምንጩ የሚገኘው ከራስ ቅል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከራስ ቅል በታች ኅብለ ሰረሰር የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ። በአንዳንድ ሰዎች የኋለኛው አንጎል ጫፍ በዚህ ቀዳዳ አልፎ ወደ አንገት ይወርዳል። ኦስትሪያዊው ሐኪም ሐንስ ኪያሪ በፕራግ ከተማ ሳለ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1891 ይህን ስለ ገለጸ፣ ሕመሙ በስሙ ይጠራል።

ቀዳዳው በዚህ ሁኔታ ሲጣበብ፣ በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ዙሪያ የሚመላለሰው ፈሳሽ መንገዱ ይታገድበታል። ስለዚህ በኅብለ ሰረሰሩ ውስጥ ፈሳሽ ይቋጠራል። ይህም ቋት የጀርባን ጡንቻ የሚያዝዙትን ነርቮች ሲጫን፣ የግራና የቀኝ ሚዛን ተዛብቶ አከርካሪው ይጣመማል ተብሎ ይታሰባል። ሲያስል ማጅራቱን የሚያመው፣ እጁ የሚደነዝዝ፣ ወይም የደረቱ አከርካሪ ወደ ግራ የጐበጠ ልጅ በኤም አር አይ መታየት ይገባዋል። ራጅ አጥንትን እንጂ ኅብለ ሰረሰርን አያሳይምና።

ሕክምናው ሁለት ቀዶ ጥገና ነው። በአንደኛው ከማጅራት አጥንትና ከመጀመሪያው የአንገት አጥንት ጥቂት ተቈርጦ ቀዳዳው ይሰፋል። በሁለተኛው አከርካሪው በብረት ዘንግና በብሎን ተቃንቶ እንዲጋጠም ይደረጋል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዲሉ፣ እዚህም ከማቃናት ማስፋት ይቀድማል። የተጨነቀውን ኅብለ ሰረሰር ሳያሳርፉ ጀርባን መሳብ ልጁን ሽባ ሊያደርገው ይችላልና።

ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች በሁለቱ መካከል ጥቂት ወራት ይጠብቃሉ። አንዳንዶች ግን ሁለቱን በአንድ ማደንዘዣ ይፈጽማሉ፤ ልጁ ሁለት ጊዜ ከመተኛት ይድናል፤ ነገር ግን ቀዶ ጥገናው ይረዝማል፤ የሚፈሰውም ደም ይበዛል። በሕፃንነት የተገኘ ቀላል መጣመም አንዳንድ ጊዜ በመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ብቻ ይሻለዋል። በጐረምሳነት የተገኘ ትልቅ መጣመም ግን ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውን ይጠይቃል።

እንግዲህ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ያላችሁ አንባቢዎች፣ ልጁን እግሩን ገጥሞ እንዲያጐነብስ አድርጋችሁ ከኋላው ተመልከቱት። አንዱ የጀርባው ጎን ከሌላው ከፍ ብሎ ከታያችሁ፣ ቍጣውን ተዉትና ወደ ሐኪም ውሰዱት።