የኃ.የተ.የግ.ማ. ከለላ የት ድረስ ነው?

ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ከአባላቱ የተለየ የሕግ ሰውነት ያለው ድርጅት ነው፤ በራሱ ስም ይዋዋላል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። ወደ ኢትዮጵያ ሕግ የገባው በ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው። ያ ሕግ ከ2 እስከ 50 አባላትና ቢያንስ 15,000 ብር ካፒታል ይጠይቅ ነበር፤ አዲሱ የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ግን አንድ ሰው ብቻውን እንዲያቋቁም ፈቅዷል።

ጎንደር ላይ ከፒያሳ እስከ አዘዞ በየታፔላው የሚታየውን «ኃ.የተ.የግ.ማ.» ብዙ ነጋዴ የሚረዳው «ባለቤቱ አይጠየቅም» ብሎ ነው። ይህ ስህተት ስንቱን ቤት አስፈትቷል። ሁለት ወንድማማቾች 500,000 ብር እያዋጡ የመተማ ሰሊጥ የሚነግድ ማህበር አቋቋሙ እንበል። ማህበሩ 4 ሚሊዮን ብር ተበድሮ ገበያው ቢወድቅ መኪናው፣ መጋዘኑና የባንክ ሒሳቡ በሙሉ ለዕዳው ይውላሉ፤ በማህበሩ በኩል ምንም የተወሰነ ነገር የለም። የተወሰነው የወንድማማቾቹ ኪሳራ ነው፤ ከመዋጮአቸው አያልፍም። እሱም ቢሆን ባንኩ የቤት ካርታ አስይዞ፣ በግል ዋስትና አስፈርሞ ካበደረ ይቀራል። ባንክ ያለዚያ መቼ ያበድርና! ሕግ የሰጠውን ከለላ ነጋዴው በገዛ ፊርማው ይተወዋል።

ለልጅ ሠርግ ከድርጅቱ ሒሳብ ገንዘብ የሚያወጣ፣ የሱቁን ሽያጭ በግል ደብተሩ የሚያስገባ ባለቤትም ከለላውን ራሱ ያፈርሳል። ንብረት ከደባለቀ በኋላ «ዕዳው የማህበሩ ነው» የሚለው መከላከያ እምብዛም አያዋጣም። ደረሰኝና ሁለት የተለያየ ሒሳብ መያዝ ያን ያህል የሚከብድ ሥራ አልነበረም።

ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ለራሱ ጥፋት ይጠየቃል። በ1952ቱ ሕግም ቢሆን ማህበሩ ከስሮ ንብረቱ ለዕዳው ካልበቃ፣ ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረጉን ያላስረዳ ሥራ አስኪያጅ ጉድለቱን እንዲሸፍን ፍርድ ቤት ማዘዝ ይችል ነበር። በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረትም ድርጅቱ ያልከፈለው ግብር ወደ ሥራ አስኪያጁ ሊዞር ይችላል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ኃላፊው ወይም ሠራተኛው የድርጅቱን ጥቅም በሕገወጥ መንገድ ለማራመድ ወንጀል ከሠራ፣ ድርጅቱ ራሱ ይቀጣል።

አካባቢን በተመለከተ የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሁሉ፣ ማህበርም ሆነ ግለሰብ፣ እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። የዚህ አዋጅ ምርጥ ድንጋጌ ብዙም አልታወቀም፤ አቤት ለማለት የግል ጉዳት ማሳየት አያስፈልግም። የፋሲለደስን መዋኛ የሚሞላው ቀሃ ወንዝ ቢበከል፣ ከወንዙ ጠጥቶ የማያውቅ የደባርቅ ነዋሪም ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ማመልከት ይችላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካው፣ አመልካቹ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ክስ ያቀርባል።