ዋዛን በዋዛ አንየው

በአማርኛችን «ዋዛ» ማለት ቀልድ፣ ቁም ነገር የጎደለው ነገር ማለት ነው። ጊዜው በከንቱ ያለፈበትን ሰው «በዋዛ በፈዛዛ ዕድሜውን ጨረሰ» እንለዋለን። በአሶሳና በአካባቢዋ ለሚኖረው የበርታ ሕዝብ ግን ዋዛ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ከቅል የሚሠራ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ስም ሲሆን፣ መሣሪያዎቹ ባንድነት እየተነፉ ሕዝቡ መሬቱን በእግሩ እየመታ የሚጨፍርበት ጨዋታም በዚሁ ስም ይጠራል። ዛሬ ስለዚህ ጨዋታ፣ በተለይም ሴቶች ልጆቻችን በውስጡ ስላላቸው ድርሻ እናወጋችኋለን።

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በሱዳን ድንበር አቅራቢያ ትገኛለች። ክልሉ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች አገር ነው። በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ምክንያት ከወሎ ተነስተው በአሶሳ ዙሪያ የሰፈሩ ቤተሰቦች ልጆችና የልጅ ልጆችም ይኖሩበታል። ስለዚህ በአሶሳ የወሎ እስክስታና የበርታ የእግር ምት ጎረቤታሞች ናቸው።

ዋዛ የሚሠራው አንገት ያላቸው ቅሎች እየተቆረጡ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ እየገባና እየታሰረ ነው። ከአፍ በኩል የቀጠነው ወደ ጫፉ እየሰፋ ይሄዳል። አጫጭሩ በአንድ እጅ ሲያዝ፣ ትልቁ ግን ከሰው ቁመት ይደርሳል። አንድ ሙሉ ቡድን አሥርና ከዚያም በላይ ነፊዎች ይኖሩታል። ብዙዎቹ በአንድ እጃቸው ጥሩንባውን ይዘው፣ በሌላው እጃቸው በትከሻቸው ላይ ያሳረፉትን እንጨት እየመቱ ይራመዳሉ።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። እያንዳንዱ ዋዛ በመሠረቱ የራሱን አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰጠው። ዜማው የሚወጣው አንዱ ሲያቆም ሌላው እየተቀበለ፣ ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው። በመካከለኛውና በሰሜኑ አገራችን የሚነፋው እምቢልታም እንዲሁ በሦስት ሰዎች ቅብብል መሆኑን ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ከዋዛው ቡድን አንድ ሰው ቢታመም ወይም አገር ጥሎ ቢሄድ፣ ዜማው አፉ እንደተሸረፈ ማሰሮ ይሆናል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረታችን እዚህ በጆሮ የሚሰማ ነገር ነው።

ጥሩንባውን የሚነፉት ወንዶች ናቸው። ሆኖም ጨዋታው በነፊዎቹ ብቻ ሙሉ አይሆንም። ሴቶች ከነፊዎቹ ጎንና ኋላ ሆነው፣ ጉልበታቸውን ለዘብ አድርገው፣ እግራቸውን ከዜማው ጋር እያሳረፉ አብረው ይዞራሉ። ጨዋታው በአንድ ሰው ብልጫ ላይ የቆመ አይደለም። አያት ከልጅ ልጇ ጋር በአንድ ረድፍ ልትረግጥ ትችላለች። ልጅቱ የምትማረው በሰሌዳ ላይ ተጽፎላት ሳይሆን የአያቷን እግር እያየች ነው።

የእግር ጭፈራ ከሥራ ሕይወት የሚወለድ መሆኑ በሌላም አገር ታይቷል። በእንግሊዝ አገር በላንክሻየር የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች ሶሉ እንጨት የሆነ ጫማ ያደርጉ ነበር። የመኪናውን ምት በእግራቸው እየተከተሉ ሲያንኳኩ የእንጨት ጫማው ጭፈራ እንደዳበረ ይነገራል። በአሜሪካ የአፓላሽ ተራሮችም የዚህ ዘመድ የሆነ የእግር ጭፈራ በመንደር ቡድኖች ይጨፈራል። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1939 ከሰሜን ካሮላይና የመጣ የገበሬ መንደር ቡድን በዋሽንግተን ቤተ መንግሥት ለእንግሊዙ ንጉሥና ንግሥት አሳይቷል። የዋዛም ጨዋታ እንዲሁ ከሥራ ጋር የተያያዘ ነው፤ ዋነኛው ወቅቱ ገበሬው የለፋበትን እህል የሚሰበስብበት ጊዜ ነው።

ዛሬ ዋዛ በመድረክም ላይ ይታያል። በኅዳር 29 ቀን 2007 ዓ.ም. የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን በአሶሳ ሲከበር፣ የክልሉ ባህል በመላው አገሪቱ ተመልካች ፊት ቀርቦ ነበር። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን መድረክ የራሱ ጠባይ አለው። ሰዓቱ ያጠረ ነው፤ ከተመልካቹም መካከል ተነስቶ የሚረግጥ የለም። ልጆቻችን ዋዛን በቴሌቪዥን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ እያዩ ካደጉ፣ የሚያውቁት ልብሱን እንጂ ጨዋታውን አይሆንም።

ከዚህ የከፋው አደጋ ግን የሰው መበተን ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በካማሺና በመተከል ዞኖች የደረሰው ግጭት እጅግ ብዙ ቤተሰቦችን ከቀያቸው አፈናቅሏል። በርታዎች ከድንበሩ ማዶ በሱዳንም ይኖራሉ፤ በዚያም በ2015 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ሰዎችን ወደ አሶሳ አካባቢ አሰድዷል። የምትሸሽ እናት ልጇን ታዝላለች፣ ውሃ ትይዛለች፤ ከሰው ቁመት የሚደርስ ቅል ግን ማን ይሸከማል? ቢሸከሙትስ አሥሩ ነፊዎች አሥር ቦታ ከተበተኑ ዜማው ከወዴት ይገኛል? ሰላም ለአንድ ጨዋታ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በከተማ የምንኖር ብዙ እናቶች ሴት ልጃችን በባህል ቡድን ልሳተፍ ስትለን ፊታችን ይጠቁራል። «ጨፋሪ ልትሆኚ ነው?» እንላለን። በሠርግ ላይ እልል ብለን የምናጨበጭብለትን ነገር ለልጃችን ሲሆን ነውር እናደርገዋለን። ሥጋታችን ሁሉ ግን ከንቱ አይደለም። የምሽት ልምምድ፣ የሩቅ ጉዞና የትምህርት መጓደል የማያሳስባት እናት የለችም። መፍትሔው ልጅቱን ከመከልከል ይልቅ ጠይቆ መረዳት ነው። ልምምዱ በስንት ሰዓት ይጀመራል፣ በስንትስ ያበቃል? በጉዞ ጊዜ ኃላፊነት የሚወስዱ ሴቶች አብረው ይሄዳሉ? ቡድኑ ክፍያ ሲያገኝ ለልጆቹ ድርሻ ይደርሳቸዋል? የፈተና ሰሞን ልምምዱ ይቀነሳል? የቡድን ኃላፊዎችም እነዚህን ጥያቄዎች እንደ ድፍረት ሳይቆጥሩ በግልጽ ሊመልሱ ይገባል።

ከቡድኑ ውጭም ልናደርገው የምንችለው አለ። አያቶች በሕይወት እያሉ ልጆችን በመኸር ወይም በበዓል ወደ ገጠር ዘመድ መውሰድ አንዱ ነው። ጎረቤት ሲጨፍር ልጆቻችን ቆመው እንዲያዩ ብቻ ሳይሆን፣ ተጋብዘው ገብተው እንዲረግጡ ማበረታታት ሌላው ነው። የበርታ ልጅ እስክስታ ብትማር፣ የወሎዬው ልጅም የዋዛን እርምጃ ቢያውቅ አንዱ ሌላውን እንደ ባዕድ አያየውም። አብሮ የረገጠ እግር ለመጣላት ይዘገያል።

ክቡራት አንባቢዎቻችን፣ ቅል ተሰባሪ ነው፤ ቢሰበር ግን ሌላ ይበቅላል። መቼ እንደሚነፋና እግር የት እንደሚያርፍ የሚያውቁት ሰዎች ካለፉ በኋላ ግን ሌላ ዘር የለም። ልጃችሁ «እማዬ፣ ልሂድና ልማር» ስትላችሁ ነገሩን በዋዛ እንዳታዩት አደራ እንላለን።