የኤቨረስት ጉዞ እንዴት ይሰናዳል?
ስለ ሂሳቡ፣ ስለ ውሉና ስለ መመለሻው ሰዓት

በሂማላያ ተራሮች ግርጌ በምትገኘው በኔፓል አገር፣ በየዓመቱ በኤፕሪልና በሜይ ወራት አንድ እንግዳ ንግድ ይካሄዳል። ገዢው ብዙ አሥር ሺህ ዶላር፣ አንዳንድ ጊዜም ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ገንዘብ አስቀድሞ ይከፍላል፤ ሻጩ ግን ገዢው የሚመኘውን ነገር አስረክባለሁ ብሎ ሊፈርም አይችልም። ገዢው የሚመኘው 8,848.86 ሜትር ከፍታ ባለው በኤቨረስት ተራራ ጫፍ ላይ ለጥቂት ደቂቃ መቆም ነው። ሻጩ በእጁ ያለው ደግሞ ድንኳን፣ ገመድ፣ ስንቅ፣ የታመቀ ኦክሲጅን፣ የሠለጠነ ሰውና ምክር ብቻ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ከመነሻው በውል ያላስቀመጠ አዘጋጅ በራሱ፣ በደንበኞቹና በሠራተኞቹ ላይ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ያለፉት ዓመታት በግልጽ አሳይተዋል። የመጽሔታችን አንባቢዎች አብዛኛዎቹ በቡናና በቆዳ፣ በጨርቅና በብረታ ብረት የሚነግዱ ቢሆኑም፣ ቀብድ ተቀብሎ በማያዝበት ኃይል ሥር ዕቃ የማድረስን ጭንቀት የማያውቅ ነጋዴ የለምና ነገሩን በዝርዝር መመልከቱ የሚጠላ አይመስለንም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ወራትና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተራራው ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጣው በሜይ 29 ቀን 1953፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 21 ቀን 1945 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጫፉን የረገጡት የኒው ዚላንዱ ንብ አርቢ ኤድመንድ ሂላሪና ሼርፓው ቴንዚንግ ኖርጌይ ነበሩ። ያ ጉዞ በኮሎኔል ጆን ሀንት መሪነት እንደ ጦር ዘመቻ የተሰናዳ ነበር፤ ጭነቱን ለማድረስ ብቻ ከ350 የሚበልጡ ተሸካሚዎች ተቀጥረዋል። ወጭውን የቻሉትም ማኅበራትና ጋዜጣ ነበሩ እንጂ ተራራውን የወጡት ሰዎች አልነበሩም። ነገሩ መልኩን መለወጥ የጀመረው በ1985 ነው። በዚያ ዓመት ዲክ ባስ የሚባል የ55 ዓመት አሜሪካዊ ባለሀብት፣ ዴቪድ ብሬሸርስ በሚባል ብርቱ ተራራ ወጪ እየተመራ ጫፉ ላይ ደረሰ። ገንዘብና መሪ ያለው ሰው ኤቨረስትን ሊወጣ ይችላል የሚለው አሳብ ከዚያ በኋላ ተስፋፋ፤ በ1990ዎቹም መጀመሪያ ይህንኑ ለሕዝብ የሚሸጡ ኩባንያዎች በይፋ ሥራ ጀመሩ።

የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ ወደ ሩቅ ገበያ ሲነሣ አጋሰሱን፣ ስንቁን፣ ጠባቂውንና የየኬላውን ቀረጥ አስቀድሞ ያሰላ እንደነበረ ሁሉ፣ የኤቨረስት ጉዞ አዘጋጅም ሂሳቡን የሚጀምረው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። የመጀመሪያው ኬላ የኔፓል መንግሥት ነው። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ፣ በጸደይ ወራት በተለመደው የደቡብ መንገድ ለሚወጣ ለእያንዳንዱ የውጭ አገር ሰው የፈቃዱ ዋጋ 15,000 ዶላር ሆኖአል፤ ከዚያ በፊት ለአሥር ዓመት ያህል 11,000 ዶላር ነበር። በዚያው ለውጥ ፈቃዱ የሚጸናበት ጊዜ ከ75 ቀን ወደ 55 ቀን ዝቅ ብሎአል። ጋዜጦች የጻፉት ስለ ዋጋው ጭማሪ ቢሆንም፣ በእኛ ግምት ለአዘጋጁ የሚከብደው የቀኑ መቀነስ ነው። የሰው አካል ከከፍታው ጋር እስኪለማመድ ሳምንታት ይፈልጋል፤ በጫፉ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስም ፋታ የሚሰጠው የክረምቱ ዝናብ ከመግባቱ በፊት፣ በሜይ አጋማሽና መጨረሻ ላይ ባሉት ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ዋጋ ከጨመረ በደንበኛው ላይ ይጨመራል፤ ቀን ግን ከማንም አይበደሩትም።

ከፈቃዱ ቀጥሎ የሚመጣው ጭነት ነው። ዕቃው ከካትማንዱ በአነስተኛ አውሮፕላን ወይም በሄሊኮፕተር ሉክላ ወደምትባለው መንደር ይሄዳል። ሉክላ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ የአውሮፕላን ማረፊያዋን በ1964 ያሠራው ያው ኤድመንድ ሂላሪ ነው። ማረፊያው በተራራ ጫንቃ ላይ ያለ አጭርና ተዳፋት መንደርደሪያ ስለሆነ፣ ደመና በወረደ ቁጥር ሰውም ዕቃም ለቀናት ይታገዳል። ከሉክላ በኋላ መኪና የሚሄድበት መንገድ የለም። ጭነቱ በበቅሎ፣ ያክ በሚባለው ጠጕራም የደጋ በሬና በሰው ጀርባ፣ በናምቼ ባዛር በኩል አልፎ 5,364 ሜትር ላይ ወዳለው ዋናው ሰፈር ይደርሳል። ከዚያ በላይ የጋማ ከብትም ያክም አይሄድም። ኩምቡ የሚባለው የበረዶ ገደል የሚጀምረው እዚህ ነው፤ በዚህ ስፍራ እንደ ቤት የገዘፉ የበረዶ ቋጥኞች ሳይታሰብ ይንሸራተታሉ፣ ይሰነጠቃሉ፣ ይናዳሉ። በየዓመቱ በስንጥቆቹ ላይ መሰላል እየዘረጉ፣ ገመድ እየወጠሩ መንገዱን የሚከፍቱ ሼርፓዎች አሉ፤ የተራራው ሰዎች «የበረዶ ሐኪሞች» ብለው ይጠሩአቸዋል። ከ2024 ወዲህ ሰው በሌለባት ትንሽ አውሮፕላን 15 ኪሎ ያህል ጭነት በኩምቡ ላይ ለማሳለፍ ሙከራ ተደርጎ ተስፋ ሰጥቶአል። ይሁን እንጂ የጭነቱ ዋና ክፍል ገና በሰው ትከሻ የሚሄድ ነው።

ከጭነቱ ሁሉ ውዱና አሳሳቢው ኦክሲጅን ነው። በተራራው ጫፍ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከጥቂቶች በስተቀር ሁሉም በጭምብል እየተነፈሱ ይወጣሉ። 4 ሊትር የሚይዝ አንድ ሲሊንደር በ300 ባር ግፊት ሲሞላ 1,200 ሊትር ያህል ኦክሲጅን ይወጣዋል። በደቂቃ 2 ሊትር የሚወስድ ሰው በዚህ 10 ሰዓት ይቆያል፤ 4 ሊትር የሚወስድ ግን 5 ሰዓት ብቻ። 7,900 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ከአራተኛው ሰፈር በምሽት ተነሥቶ ጫፉ ደርሶ መመለስ አሥራ አምስት ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል፣ በደቂቃ 4 ሊትር ለሚወስድ ደንበኛ ለዚያ ሌሊትና ቀን ብቻ ሦስት ሲሊንደር ያስፈልጋል፤ ለሚመራው ሼርፓ የሚያስፈልገው ከዚህ ውጭ ነው። ይህ ግን መንገዱ ክፍት ሲሆን ነው። በሜይ 22 ቀን 2019 ከጫፉ በታች ባለው ጠባብ ሸንተረር ላይ ሰዎች እንደ ዳቦ ወረፋ ተሰልፈው የሚታዩበት ፎቶግራፍ ተነሥቶ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ወጥቶ ነበር። በዚህ ዓይነት ወረፋ ሁለት ሰዓት የሚቆም ሰው 480 ሊትር፣ ማለትም ከአንዱ ሲሊንደር ከአምስት እጅ ሁለቱን፣ አንድ እርምጃ ሳይራመድ ይጨርሳል። በዚያ ወቅት ኔፓል የሰጠችው ፈቃድ 381 ሲሆን፣ በተራራው ላይ የሞቱት 11 ነበሩ። ስለዚህ ጠንቃቃ አዘጋጅ ሲሊንደር የሚገዛው በመንገዱ ርዝመት ሳይሆን በወረፋው ርዝመት ነው፤ ትርፉንም በየሰፈሩ በጥበቃ ያስቀምጣል። በ2017 ከላይኞቹ ሰፈሮች የተከማቸ ኦክሲጅን ተሰርቆ እንደነበረ ተነግሮአልና ጥበቃ ያልነው በከንቱ አይደለም።

ይህ ሁሉ ወጭ የሚከፈለው ደንበኛው ገና ካትማንዱ ሳይደርስ ነው። ገመዱ ተገዝቶአል፤ ፈቃዱ ተከፍሎአል፤ ሠራተኛው ተቀጥሮአል። ደንበኛው ከጫፉ 100 ሜትር ሲቀረው ቢመለስም፣ ከሰፈሩ ሳይነሣ ቢታመምም ለአዘጋጁ የሚተርፈው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ውሉ የተሸጠው አገልግሎት እንጂ ጫፍ አለመሆኑን፣ የመመለስ ትእዛዝ የመሪው ብቻ መሆኑን፣ ለዚህም ገንዘብ እንደማይመለስ በማያሻማ ቃል ሊናገር ይገባዋል። ነገር ግን ውል በወረቀት አንድ ነገር ነው፤ ብዙ ገንዘብ ከከፈለና ዓመታት ከተመኘ ሰው ፊት ቆሞ «ተመለስ» ማለት ሌላ ነገር ነው።

የኒው ዚላንዱ ሮብ ሆል በ1996 ከእያንዳንዱ ደንበኛ 65,000 ዶላር የሚያስከፍል፣ በጥንቃቄውም የተመሰገነ መሪ ነበር። ከደንበኞቹ አንዱ ገንዘቡን በብዙ ድካም ያጠራቀመ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሲሆን፣ ባለፈው ዓመት ጫፉ ጥቂት ሲቀረው ሆል ራሱ መልሶት ነበር። ሆል አዘነለትና ዋጋ ቀንሶ እንደገና እንዲመጣ አግባባው። በሜይ 10 ቀን መንገዱ ላይ ገመድ አስቀድሞ ባለመወጠሩ ሰዎቹ ዘገዩ። ሰው ሁሉ የትም ደረሰ የት ወደ ኋላ ሊመለስበት የሚገባው ከቀኑ 8 ሰዓት አለፈ። ሆል ግን ጫፉ ላይ ሆኖ ያንን ደንበኛ ጠበቀው፤ ሰውዬው የደረሰው ከ10 ሰዓት በኋላ ነበር። ማዕበል ተነሣ። ደንበኛው፣ ሆልና ሊረዳቸው ወደ ላይ የተመለሰው ረዳት መሪ ሦስቱም አልወረዱም፤ በተራራው ላይ በዚያ ማዕበል የሞቱት በጠቅላላው ስምንት ናቸው። ሆልን ያዘገየው ስስት ነበር ለማለት አንደፍርም፤ ምናልባት ቸርነት ነበር። ነገር ግን የዋጋ ቅናሹና የዳግመኛ ጥሪው በሁለቱ መካከል በውል ያልተጻፈ ዕዳ ፈጥረው ነበር ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

በተቃራኒው የሚጠቀሰው ራስል ብራይስ ነው። እርሱም የኒው ዚላንድ ተወላጅ ሲሆን፣ በ2012 ከተራራው ትልልቅ አዘጋጆች አንዱ ነበር። በዚያ ዓመት በተራራው ምዕራባዊ ትከሻ ላይ፣ በኩምቡ መንገድ አናት የተንጠለጠለው በረዶ አሳሰበው። ሠራተኞቹ በየሌሊቱ ጭነት ይዘው የሚያልፉት በዚያ ሥር ነበር። ጉዞውን በመሐል ሰርዞ ሰዎቹን ሁሉ አወረደ። ሌሎች ቡድኖች ቀሩ፤ ከሰዎቻቸውም ብዙዎቹ ጫፉን ረገጡ። ገንዘባቸውን ከፍለው ባዶ እጃቸውን ወደ አገራቸው የተመለሱት የብራይስ ደንበኞች ጎረቤቶቻቸው ሲደሰቱ አይተው ቅር ቢሰኙ የሚፈረድባቸው አይደለም፤ የእርሱም ስም በዚያ ሰሞን ተጎድቶ ነበር።

በኤፕሪል 18 ቀን 2014፣ ከማለዳው አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ከዚያው ምዕራባዊ ትከሻ ላይ ትልቅ በረዶ ተገምሶ በኩምቡ መንገድ ላይ ወደቀ። ለየቡድናቸው ዕቃ ሲያደርሱ የነበሩ 16 የኔፓል ሠራተኞች ሞቱ። መንግሥት በመጀመሪያ ለየሟቹ ቤተሰብ ሊሰጥ ያሰበው 40,000 ሩፒ፣ ማለት 400 ዶላር ያህል ነበር። ሼርፓዎቹ ተቆጡ፤ ሥራቸውንም አቁመው ወደየመንደራቸው ወረዱ፤ ከደቡብ በኩል ያለው የዚያ ዓመት ወቅትም በዚሁ ተዘጋ። መንግሥት የደንበኞቹን ፈቃድ ለአምስት ዓመት አራዘመ፤ የሠራተኞቹም ዝቅተኛ የሕይወት መድን ከ1 ሚሊዮን ወደ 1.5 ሚሊዮን ሩፒ ከፍ እንዲል ተደረገ። እንግዲህ ያ ሁሉ ገንዘብ በማን ትከሻ ላይ ያርፍ እንደነበረ ብዙዎች የተረዱት ትከሻው ሲነሣ ነው። ጉዞ ለማሰናዳት የሚያስብ ሰው የሠራተኛውን መድን ሕግ ባዘዘው ልክ ብቻ ቢገዛ ወንጀለኛ አይባልም፤ ቤተሰብ፣ ሕፃናትና የእርሻ ዕዳ ያለበትን ሰው በዚያ በረዶ ሥር በአንድ ወቅት ብዙ ጊዜ ካመላለሰው ግን፣ ሕጉ ካዘዘው በላይ ቢገዛ የራሱን ንግድ መድን ማስገባቱ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ፣ በዋጋ ማስታወቂያዎቹ ላይ በትንሽ ፊደል የሚጻፍ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የጫፍ ጉርሻ ነው። ደንበኛው ጫፉን ሲረግጥ ለሚመራው ሼርፓ ከደመወዙ በላይ የሚከፈል ገንዘብ ነው። ለደከመ ሰው ምስጋና መስጠት መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ነፋስ ሲነሣና ደንበኛው ሲንገዳገድ፣ «እንመለስ» ማለት ያለበት ሰው ይህን ቃል ሲናገር የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ እንዲያጣ ማድረግ በንግድም አነጋገር የተሳሳተ ሂሳብ ነው። እኛ አዘጋጅ ብንሆን ጉርሻውን በጫፉ ላይ ሳይሆን በአራተኛው ሰፈር ላይ እናደርገው ነበር፤ ደንበኛውን በጊዜ መልሶ በሕይወት ያወረደው ሼርፓም ጫፍ ካደረሰው እኩል ይከፈለው ነበር።

በ2014 እያንዳንዱ ተራራ ወጪ ከዋናው ሰፈር በላይ ካለው ስፍራ 8 ኪሎ ቆሻሻ ይዞ እንዲወርድ ታዝዞ ነበርና ሲመለስ ቆሻሻው ይመዘን ነበር። ባዶ ሲሊንደሮቹ ተቆጥረው በተሸካሚ ወደ ሉክላ፣ ከዚያም እንደገና እንዲሞሉ ወደ ካትማንዱ ይላካሉ። ደንበኞቹ በሄሊኮፕተር ይሄዳሉ፤ አብዛኛዎቹ ሼርፓዎች በእግራቸው። በካትማንዱ ባሉት ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ በዚያን ጊዜ ለሚመጣው ጸደይ ቀብድ መቀበል ተጀምሮአል።