ስለ ነርቭ ዕጢ በሽታ



በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ገበያ፥ ገላው ትንንሽ እባጮች የወጡበት ሰው ቢታይ፥ «ይጋባብኛል» ብሎ መሸሽ አይገባም። ብዙ ጊዜ ይህን የሚያመጣው ኒውሮፋይብሮማቶሲስ የተባለው በሽታ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ፎን ሬክሊንግሃውዘን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1882 ዕጢው ከነርቭ የሚነሣ መሆኑን አስረዳ።

ምክንያቱም እርግማን ሳይሆን የሕዋስን እድገት የሚገታ የአንድ ዘረ መል መበላሸት ነው። ከ3,000 ሕፃናት በአንዱ ገደማ ይገኛል። ከሕሙማኑ እኩሌቶቹ ያህል ከወላጅ ይወርሱታል፤ በቀሩት ላይ ግን እንደ አዲስ ይጀምራል። በሕፃን ገላ ላይ ስድስትና ከዚያ በላይ ጠቆር ያሉ ቡናማ ምልክቶች ቢታዩ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል።

ከሥሩ የሚነቅለው መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ይሁን እንጂ የሚያውከውን ዕጢ ሐኪም በቀዶ ጥገና ያወጣዋል። ይህ ለማይቻልባቸው ሕፃናት፥ ዕጢውን የሚያሳንስ ሴሉሜቲኒብ የተባለ የሚዋጥ መድኃኒት በ2020 በአሜሪካ ተፈቅዷል።

በቤት በምላጭ መቍረጥና በእሳት መተኰስ ግን ጉዳት ያመጣል። ዕጢው ፈጥኖ ቢያድግ፥ ቢጠጥር ወይም አጥብቆ ቢያሳምም፥ ወደ ነቀርሳ የመለወጡ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፥ የኮምቦልቻ ሰው ሐረጎን ወጥቶ ወደ ደሴ ሆስፒታል ለመሄድ አይዘግይ። እኛም የሕመምተኛውን እጅ ጨብጠን ሰላም እንበለው።