ከአሮጌው ጎተራ እህሉን ማውጣት

አንድ ኮምፒውተር አልነሳ ሲል የተቃጠለው ፓወር ሳፕላዩ ወይም ማዘርቦርዱ ሊሆን ይችላል። የቤተሰቡ ፎቶግራፍ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የሱቁ የሒሳብ መዝገብ ያለበት ሃርድ ዲስክ ግን ደህና ሆኖ እዚያው ውስጥ ተቀምጧል። አራት ብሎን ፈቶ ማውጣትና አዲሱ ኮምፒውተር ላይ መግጠም ረጅም ሥራ አይደለም። ቀላል በመሆኑም ብዙ ሰው አንድ ጥያቄ ዘሎ ያልፋል፦ ዲስኩ አዲሱ ቤት የሚገባው ምን ሊሠራ ነው? በእኔ እምነት የያዘውን አስረክቦ ሊወጣ ነው። ኮምፒውተሩን እንዲያስነሳ ወይም ዋና ጎተራ ሆኖ እንዲቀጥል ከተፈለገ ግን ሰውየው ያድናል ብሎ የገጠመው ዲስክ ራሱ የጥፋት ምክንያት ይሆናል።

ነገሩ ከዕቃው ተፈጥሮ ይጀምራል። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ከራማክ ኮምፒውተር ጋር ያወጣው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ 50 ሳህኖች ደርድሮ 5 ሚሊዮን ያህል ፊደላት ብቻ ይይዝ ነበር። ዛሬ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ዲስክ ከዚያ በመቶ ሺዎች እጥፍ የበለጠ ይይዛል፤ መሠረታዊ አሠራሩ ግን ያው ነው። ሳህኖቹ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ ይሽከረከራሉ፤ ማንበቢያው ሳይነካቸው በስስ አየር ላይ ይንሳፈፋል። የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚያ ክፍተት በሺዎች እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ «ስምንት ዓመት ያለ እንከን ሠርቷል፣ ይቀጥላል» የሚለው ክርክር የተገላቢጦሽ ነው። የስምንት ዓመት አገልግሎት የስምንት ዓመት ድካም ነው። ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ወይም ስማርት የተባለው የራሱ የጤና መዝገብ የተበላሹ ቦታዎች መብዛታቸውን ካሳየ፣ ከዚያ በኋላ የሚበራባት እያንዳንዷ ደቂቃ ለቅጂ ብቻ መዋል አለባት።

አገጣጠሙ እንደ ዕድሜው ነው። በጣም አሮጌው ባለ 40 ቀዳዳ ሰፊ ጠፍጣፋ ኬብል የሚወስደው አይዲኢ ነው፤ ለእሱ መሰኪያ ያለው አዲስ ማዘርቦርድ ማግኘት ያስቸግራል። ከእሱ በኋላ የመጣው ሳታ ግን አሁንም በዴስክቶፖች ላይ አለ። ሁለቱ የሳታ መሰኪያዎች፣ 7 መስመር ያለው የመረጃውና 15 መስመር ያለው የኤሌክትሪኩ፣ ጫፋቸው እጥፍ ያለ በመሆኑ ተገልብጠው አይገቡም። ሲነቀሉ ግን ቀጥ ብለው መሳብ አለባቸው፤ ወደ ጎን ከተጎተቱ ዲስኩ ላይ ያለችው ስስ የፕላስቲክ ምላስ ትሰበራለች። አዲስ ላፕቶፕ ለሁለተኛ ዲስክ ቦታ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ አስማሚ ይበቃል። የላፕቶፕ ዲስክ ከዩኤስቢው በሚያገኘው 5 ቮልት ይሠራል፤ የዴስክቶፑ ዲስክ 12 ቮልትም ስለሚፈልግ የራሱ አዳፕተር ያለው አስማሚ ይግዙለት።

ከሁሉ ጠንካራው ተቃውሞ የፕሮግራሞች ነገር ነው። ሰው ፋይሉን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም እንደነበረ፣ የሒሳብ ፕሮግራሙን ከነማስተካከያው ይፈልጋል፤ ታዲያ ኮምፒውተሩ ለምን ከአሮጌው ዲስክ አይነሳም? ፍላጎቱ ተገቢ ነው፤ ከዊንዶውስ 10 ወዲህም አንዳንዴ ይነሳል። ነገር ግን ዊንዶውስ የተጫነው ለአሮጌው ማዘርቦርድ ነው፤ የአዲሱን የዲስክ መቆጣጠሪያ ካላወቀ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ይቆማል። ባዮስ በተባለው የቀድሞ ማስነሻ ዘመን የተሰናዳ ዲስክ ተተኪውን ዩኢኤፍአይን ብቻ በሚቀበል ማሽን ላይ አይነሳም፤ ከአሮጌው ማሽን ጋር የተሸጠው የዊንዶውስ ፈቃድም ወደ አዲሱ አይሻገርም። ቢሳካ እንኳ፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ፕሮግራሙን እንደገና መጫን ያሰለቻል፤ ከአሮጌ ሲስተም ጋር አብረው የሚመጡት ቫይረስና ያልተደፈነ ቀዳዳ ግን ከመሰልቸት በላይ ያስከፍላሉ።

ዲስኩ ከተገጠመ በኋላ ኮምፒውተሩ «ይፎርማት?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ፋይል ያለበት ዲስክ ላይ መልሱ «አይ» ነው፤ ጥያቄው የሚመጣው ኮምፒውተሩ ማንበብ ስላቃተው ነው እንጂ ዲስኩ ባዶ ስለሆነ አይደለም። የባለቤቱ ፎልደር «አልተፈቀደም» ካለ አያስደንግጥ። ዊንዶውስ ተጠቃሚን የሚለየው በረጅም መለያ ቁጥር ስለሆነ ስሙ ቢመሳሰልም አዲሱን ሰው እንግዳ ያደርገዋል፤ አስተዳዳሪው ባለቤትነቱን ወደ ራሱ ማዞር ይችላል። ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ዲስክ ግን እንዲህ አይታለፍም። ቁልፉ ብዙ ጊዜ የሚጠበቀው አሮጌው ማዘርቦርድ ላይ ባለ ቺፕ ነው፤ ዲስኩ ከዚያ ሲለይ ባለ 48 አሃዙን የማስመለሻ ቁጥር ይጠይቃል። ዲስኩ ከመነቀሉ በፊት ይህ ቁጥር በማይክሮሶፍት አካውንት ወይም በወረቀት ላይ መኖሩ ይረጋገጥ።

ለአማርኛ ጸሐፊ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒውተር ፊደላት የጋራ መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ ደብዳቤና መጽሐፍ የሚጻፈው እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች ነበር፤ እነዚህም የእኛን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። እንዲህ የተጻፈ ፋይል አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይመጣል። ባለቤቱ ፋይሉ ተበላሸ ብሎ ይሰርዘዋል፤ ያኔ በእርግጥ ይጠፋል። ጽሑፉ ደህና ነው፤ የጎደለው ፎንቱ ብቻ ነው፤ ፎንቱም እዚያው አሮጌ ዲስክ ላይ፣ ዊንዶውስ በሚለው ፎልደር ውስጥ፣ ፎንትስ በሚለው ሥር ይገኛል። አሮጌው ሲስተም ይቅር ስል ከእሱ የማተርፈው ይህን ፎልደር ነው፤ ከፋይሎቹ ጋር ይቀዳ። ከዚያ ከየዓመቱ አንድ አንድ ጽሑፍ ተከፍቶ፣ ዓረፍተ ነገሩ በዓይን ተነብቦ፣ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ከተቀመጠ በኋላ አሮጌው ዲስክ ይነቀል።