ከይጁቤ እስከ ዝዋይ፦ ስለ ወይን እርሻ ጉብኝት የሚባለውና እውነቱ

የወይን እርሻ ሄዶ ማየት ይቻላል ሲባል ብዙ ሰው የሚመልሰው አንድ ነው፦ «ወይን የፈረንጅ ነው፤ የእኛ ጠጅና ጠላ ነው።» ይህን የሚለው ሰው ግን ለስለት ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ ይዞ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ነው። ዘቢብ የደረቀ የወይን ፍሬ ነው፤ ለቁርባን የሚሆነው ከእርሱ ተዘፍዝፎ ይዘጋጃል። ስለዚህ በጎጃም፣ በባሶ ሊበን ገጠር ያለች ትንሽ ደብር እንኳ ያለ ወይን አትቀድስም። ወይን በአዱሊስ ወደብ በኩል ወደ አክሱም ይገባ እንደነበርም በአንደኛው መቶ ዓመት የተጻፈ የግሪክ ነጋዴዎች የባሕር መመሪያ ይናገራል። እንግዳ ነገር አይደለም።

«ብርድና በረዶ በሌለበት አገር ወይን አያፈራም» የሚሉም አሉ። ዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ በምትባለው ከተማ፣ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ወይን ተክሎ በ2006 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ አቅርቧል። ቦታው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሆኖ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ በጠብታ መስኖ ይለማሉ። ጉማሬና ዘንዶ እንዳይገባም ዙሪያው ቦይ ተቆፍሮለታል። አገር የሚያውቃቸውን ጉደርንና አክሱሚትን የሚያወጣው አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ደግሞ ከዚያ በፊት ብዙ ዐሥርት ዓመታት ሠርቷል።

ጉዞን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ስለ ወቅት ያለው ግምት ነው። የጎጃም ገበሬ ጤፉ መቼ እንደሚታጨድ ያውቃል፤ ዝናሙ ይነግረዋል። ወይንም እንዲሁ መስሎት «መስከረም ይጥባ፣ ያን ጊዜ ፍሬው ይደርሳል» ይላል። በአውሮፓ ነገሩ እውነት ነው፤ ተክሉ በክረምት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፣ በጸደይ ያቆጠቁጣል፣ በመስከረም አካባቢ ይለቀማል። ዝዋይ ላይ ግን የሚያስተኛው ብርድ የለም። እዚህ ወይኑን የሚቀሰቅሰው መግረዣ መቀስ ነው፦ ከተገረዘ በኋላ ያቆጠቁጣል፣ ያብባል፣ ከአራት እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜም ያፈራል። የለቀማውን ቀን የሚወስነው እርሻው እንጂ ሰማዩ አይደለም ማለት ነው። ሳይጠይቅ የሄደ ሰው ዘለላ አያለሁ ብሎ የተገረዘ ግንድ ቢያገኝ ቦታው አታለለኝ ሊል አይገባም። ስለዚህ መጀመሪያ የለቀማው ጊዜ ይጠየቅ፤ የጉዞው ቀን ከዚያ ይቆረጥ።

ጥያቄው የሚቀርበውም በስልክ፣ ከመነሳት በፊት ነው። ብዙዎች እንደ ጠጅ ቤት ገባ ብለው የሚቀመጡበት ይመስላቸዋል። እርሻውና ፋብሪካው አጥርና ዘበኛ ያለው የኩባንያ ይዞታ ነው፤ ቀድሞ ፈቃድና ቀጠሮ ያልያዘ ሰው በር ላይ ሊቀር ይችላል። ከይጁቤ ያን ያህል ርቆ ሄዶ በር ላይ መቅረት ደግሞ ያሳዝናል።

ርቀቱም «ቅዳሜና እሑድ ይበቃዋል» ከሚባለው በጣም ይበልጣል። ከባሶ ሊበኗ ከተማ ከይጁቤ ደብረ ማርቆስ 27 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ያህል፣ ከአዲስ አበባ ዝዋይ 160 ያህል ነው። በመካከሉ ከደጀን ወርዶ በሕዳሴ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወጣው የዓባይ በረሃ አለ። በ19ኛው መቶ ዓመት ሲራራ ነጋዴ ከጉዱሩ ዓባይን ተሻግሮ የባሶን ገበያ ይረግጥ ነበር፤ የዛሬው መኪና ግን የሚሄደው በደጀን ዞሮ ነው። አዲስ አበባ ላይ አድሮ መሄድ፣ አንድ ቀን ለእርሻው መስጠት፣ ሲመለሱም እንዲሁ ማደር፤ አምስት ቀን ካልተያዘለት ጉዞው ድካም ብቻ ይሆናል። «መንገዱ እንደ ድሮው ነው» የሚለውን ግምትም አጥብቄ እቃወማለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአካባቢው ባለው ግጭት ትራንስፖርት ተቋርጦ የሚቆይባቸው ጊዜያት አሉ። መናኸሪያ ሄዶ ከመንገዱ የተመለሱ ሾፌሮችን መጠየቅ፣ በሌሊት አለመጓዝ፣ ካልተመቸም ማስተላለፍ ያስፈልጋል። ወይኑ እንደገና ያፈራል።

«አረቄ ለለመደ ሰው ወይን ውሃ ነው» የሚለው አደገኛ ነው። 13 በመቶ አልኮል ያለበት 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ፣ 45 በመቶ ከሆነ አረቄ አራት መለኪያ የሚበልጥ አልኮል ይይዛል፤ መለኪያው 50 ሚሊ ሊትር ቢሆን ማለቴ ነው። ቅምሻ ማለት በብርጭቆ ግርጌ ጥቂት ቀድቶ ማሽተት፣ አፍ ውስጥ ማገላበጥ፣ ቢፈልጉም መትፋት ነው። መትፋት ነውር አይደለም። ሾፌሩ ግን ጭራሽ አይቅመስ።

ቀዩ ቀለም ተጨምሮበት ነው የሚሉም ይሳሳታሉ፤ የብዙው ቀይ ወይን ፍሬ ጭማቂ ነጣ ያለ ነው፣ የሚቀላው ከልጣጩ ጋር ሲብላላ ነው።

በመጨረሻ፣ «ወይን በቆየ ቁጥር ይጥማል» ብሎ ለልጅ ሠርግ ጠርሙስ የሚያስቀምጥ አለ። አብዛኛው ወይን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው፤ ለብዙ ዘመን የሚቆየው ጥቂቱ ነው፣ እርሱም ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ይፈልጋል። ሙቀት ወይንን ያበላሻል። ለቤተሰብ የተገዛውን ጠርሙስ በአውቶቡሱ ጣራ ላይ ጭኖ በቀትር ዓባይ በረሃ መውረድ ገንዘብ ማባከን ነው። በጋቢ ጠቅልሎ ከራስ ጋር ውስጥ መያዝ፣ ከአዲስ አበባም ማለዳ ተነስቶ በረሃውን ፀሐይ ሳይከር ማለፍ ይሻላል።