ጎል አፍ ላይ የቆመው አውቶቡስ

«ባሱን አቆሙት!» ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ኳስ የሚያይ ሰው ይህቺን አባባል ሳይሰማ አይወጣም። አንዱ ቡድን ጎሉ ላይ ተከምሮ ሲከላከል የተቃራኒው ደጋፊ ከወንበሩ ብድግ ይልና ይለቃታል። አንድ ቀን ቤት ከወንድሜ ጋር ጨዋታ እያየን «ቼልሲ ባስ አቆመ» ስንባባል እናቴ ከጓዳ ሆና «የት ሰፈር ነው የቆመው? ታክሲ ጠፋ እንዴ?» አለችን። ሳቅንባት። ግን እውነቷን ነው። ባስ ሰው ማመላለሻ ነው፤ የሚቆመውም ፌርማታ ላይ ነው። ታዲያ ጎል አፍ ላይ ማን አመጣው?

ያመጣው ጆዜ ሞሪንሆ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2004፣ ቦታው ስታምፎርድ ብሪጅ። ሰውየው ፖርቶን የአውሮፓ ሻምፒዮን አድርጎ ቼልሲ ከገባ ገና ወራት ቢሆነው ነው። ቶተንሃም መጣ፣ በሩን ዘጋው፣ ጨዋታው 0 ለ 0 አለቀ። ሞሪንሆ በሽቆ ወጣና ‹በእኛ በፖርቱጋሎች አነጋገር እነዚህ ሰዎች አውቶቡሳቸውን አምጥተው ጎሉ ፊት ለፊት ገተሩት› የሚል ነገር ተናገረ። እንግሊዞች አባባሏን ወደዷት። ከጋዜጣ ወደ ኮሜንታተር፣ ከኮሜንታተር ወደ ደጋፊ እየተቀባበለች እኛም ሰፈር ደረሰች።

ልብ በሉ፤ ከዚያች ቀን ሁለት ወር ተኩል ቀደም ብሎ ፖርቱጋል በገዛ አገሯ፣ ሊዝበን ላይ የአውሮፓ ዋንጫን በግሪክ ተነጥቃ ነበር። ግሪክ ከሩብ ፍፃሜው ጀምሮ ፈረንሳይን፣ ቼክን፣ በመጨረሻም ፖርቱጋልን ያሸነፈችው ሁሉንም 1 ለ 0 ነው። ፖርቱጋላዊ በዚያ ሰሞን በተከላካይ ቡድን ቢማረር ማን ይፈርድበታል?

የአገራችን ሰው «ጉድጓድ ስትቆፍር አርቀህ አትቆፍር፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም» ይላል። ሞሪንሆ በ2010 የኢንተር ሚላን አሰልጣኝ ሆኖ ባርሴሎናን በሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍፃሜ አገኘው። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። በዚያ ሰሞን አይስላንድ ውስጥ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ፣ አመዱ የአውሮፓን ሰማይ ሸፍኖ፣ በረራ ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ ባርሴሎና ለመጀመሪያው ጨዋታ እስከ ሚላን ድረስ የተጓዘው በእውነተኛ አውቶቡስ ነው፤ ያውም አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ። 3 ለ 1 ተሸንፎም ተመለሰ። በመልሱ ደግሞ ኑ ካምፕ ላይ የኢንተሩ ቲያጎ ሞታ በ28ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ያውቀዋል። አስር ሰው ጎሉ ፊት ተደረደረ። ኢንተር 1 ለ 0 ቢሸነፍም በድምሩ 3 ለ 2 አልፎ ዋንጫውን በላ። ‹ባስ አቆማችሁ› ሲባል ሞሪንሆ ‹ባስ ሳይሆን አውሮፕላን ነው ያቆምነው› ብሎ ቀለደ።

ግን ያንን ጨዋታ ያየ ሰው አንድ ነገር ሊረሳ አይገባም፦ ሳሙኤል ኤቶን። የዓለም ምርጥ አጥቂ ከሚባሉት አንዱ የነበረው ካሜሩናዊ፣ የቀድሞ ክለቡ ሜዳ ላይ እንደ መስመር ተከላካይ ሆኖ ሲሮጥ አመሸ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ2012 ቼልሲ እዚያው ኑ ካምፕ ጆን ቴሪን በቀይ ካርድ አጥቶ በአስር ሰው 2 ለ 2 ሲወጣ፣ የኤቶን ሥራ የሠራው ዲዲዬ ድሮግባ ነው። ሁለቱም በየዓመታቸው ዋንጫውን አነሱ። ባስ ማለት ሞተሩ ጠፍቶ የቆመ ብረት ከሆነ፣ እነዚህ ሰዎች ታዲያ ምን ነበሩ? እንደዚያ ለመከላከል ከማጥቃት ያላነሰ ሩጫና ልብ ይጠይቃል። በ2014 አንፊልድ ላይ ሊቨርፑል በቼልሲ 2 ለ 0 ሲሸነፍ ብሬንዳን ሮጀርስ ‹ሁለት ባስ አቆሙብን› ብሎ አማረረ። የቼልሲ አሰልጣኝ ማን ነበር? ራሱ ሞሪንሆ!

እስካሁን ያወራነው ስለ ምሳሌው ባስ ነው። እውነተኛውም ባስ በዚያው በ2010 ሁለት ጊዜ የዓለም ወሬ ሆኗል። በጁን ወር በደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ የፈረንሳይ ተጫዋቾች አኔልካ ለምን ተባረረ ብለው ልምምድ አንሠራም አሉ። ባሱ ውስጥ ገብተው መጋረጃውን ዘግተው ተቀመጡ። የአድማቸውን ደብዳቤ ለጋዜጠኞች ያነበበው አሰልጣኙ ዶሜኔክ ነበር። ፈረንሳይ በ1 ነጥብ ከምድቧ መጨረሻ ሆና አገሯ ገባች።

የሌላኛው ባስ ነገር ግን አያስቅም። ጃንዋሪ 8 ቀን 2010 የቶጎ ብሔራዊ ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ ከኮንጎ ወደ አንጎላ፣ ካቢንዳ በመኪና ሲገባ ታጣቂዎች ባሱ ላይ ተኩስ ከፈቱ። ምክትል አሰልጣኙና የቡድኑ ቃል አቀባይ ሞቱ። ግብ ጠባቂው ኮጆቪ ኦቢላሌ ክፉኛ ቆሰለ፤ የተጫዋችነት ሕይወቱም በዚያው አበቃ። አዴባዮር ከባሱ በሕይወት ወጥቶ ሲያለቅስ በቴሌቪዥን አይተነዋል። ቶጎ ሬሳዋን ይዛ ተመለሰች። ካፍ ደግሞ ‹መንግሥት ጣልቃ ገብቶ ቡድኑን አስወጣ› ብሎ በቀጣዮቹ ሁለት የአፍሪካ ዋንጫዎች እንዳትሳተፍ ቀጣት። ቅጣቱ የተነሳው ከወራት በኋላ፣ የፊፋው ሴፕ ብላተር መሃል ገብተው ነው።

«ባሱን አቆሙት» ማለታችንን እንተው አልልም። ኳስ ያለ ጨዋታ፣ ያለ መተራረብ አይጥምም። ትንሽ ቡድን ትልቁን ለማቆም ጎሉን ቢዘጋም መብቱ ነው፤ ዘጊው ኤቶና ድሮግባ ሲሆኑ ደግሞ ባርኔጣ ማንሳት ነው። ግን እናቴ ዛሬም ከጓዳ ሆና «የት ነው የቆመው?» ብትለኝ እንደ ድሮው አልስቅባትም። ካቢንዳ ላይ የቆመውንም አስታውሳለሁ።